ዕንቁ የሚቆጥር ገበያ

ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ነው። ከአፋር ቆላ የወጣውና ከወሎ ደጋ የወረደው የሚገናኙት እዚያ ነው። ዛሬ የምትገኘው ዋና ከተማው ከሚሴ በሆነችው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ነው። ሙዚቀኛ ባቲን በቅኝቷ ያውቃታል፤ የብር ጌጥ የሚወድ ደግሞ በጌጧ። ከቆየው የአካባቢው ጌጥ ብዙው የተሠራው ጠገራ ብር ቀልጦ ነው። ሳይቀልጥ ጆሮ ተበጅቶለት አንገት ላይ የሚውልም አለ፤ ያን ጊዜ ሻሽ የደፋች፣ ፊቷ የሞላ ሴት መልክ ከነቁጥሯ ይታያል። ቁጥሯ 1780 ነው።

ሴትዮዋ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ የእኛ ሰው ማርትሬዛ ያላት። የሞተችው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ነው። ብሯ ግን ከሞተች በኋላም መመታቱን ቀጠለ፤ ያውም ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር። በቀይ ባሕር ዳርቻና በኢትዮጵያ የሚነግድ ሰው የለመደውን መልክ እንጂ የተተኪውን ንጉሥ ፊት አይፈልግም ነበርና። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከሺህ 833 እጁ ጥሩ ብር፤ ይህም ቢሆን በሚዛን ብቻ አልታመነም። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት ራሱ የአንድ ጠገራ ክብደት ነበር።

ዛሬ ትልልቅ ድርጅቶች ዓርማቸው እንዳይዛባ ወፍራም መመሪያ ያሳትማሉ። ለጠገራው ይህን የሚያስጠብቅለት መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም፤ ጠባቂው ተቀባዩ ነበር። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ደጋግመው እንደጻፉት፣ ሻጩ ብሩን እያገላበጠ የራስ ጌጧን ዕንቁዎችና የትከሻ ጌጧን ነጠብጣቦች ይመረምራል፤ ከተፋቀ ወይም ከጎደለ ይመልሳል። እንግዳው ሰው በዚህ ይበሳጫል። እውነቱን ለመናገር ገበያተኛው ትክክል ነበር፦ ማንበብ ለማይችል ሰው የላቲኑን ጽሑፍ ከማየት ዕንቁ መቁጠር ይቀላል፣ አስመሳይም የሚሳሳተው እዚያው ጥቃቅኑ ላይ ነው።

ይህን የእንግሊዝ ጦር ወሎ ድረስ መጥቶ ተማረው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የዘመተው የናፒየር ሠራዊት ለስንቅና ለጭነት ከብት የሚከፍለው ማርትሬዛ ስለነበር ብሩን ከገበያ ሲለቅም፣ ከቪየናም አዲስ ሲያስመታ ነበር። የንግሥት ቪክቶሪያ ፊት በአገሩ ሰው ዘንድ ዋጋ አልነበረውም።

መልኩን ለመለወጥ የደፈሩት አልቀናቸውም። ጣሊያን ለኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ የንጉሥ ኡምቤርቶን ምስል የያዘ ታለሮ አወጣች፤ ሰዉ ችላ አለው። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ማርትሬዛን የምትመስል ሴት ቀርጻ ሞከረች። መምሰል ግን አልበቃም፤ ይህንንም ገበያው አልተቀበለውም። ከባዕዱ ይልቅ የሚያስገርመው የራሳችን ነው፦ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ያስመቱት ባለ አንበሳ ብር ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ጥራቱም ከሺህ 835 ነው፤ ሆኖም በዐድዋ ድል ያደረጉት ንጉሥ ፊት እንኳ ያችን የቪየና መበለት ከገበያ አላስወጣትም።

ጣሊያን በመጨረሻ ገባት። እ.ኤ.አ. በ1935፣ ለወረራው ስትዘጋጅ፣ የራሷን ሥዕል ትታ የማርትሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወሰደችና ሮም ላይ መምታት ጀመረች። ንግዱ እንዳያመልጣቸው ለንደንና ፓሪስ፣ ብራሰልስና በኋላም ቦምቤይ ተከተሉ። ሰብሳቢዎች የየከተማውን ሥራ በንስሩ ጅራት ላባና በዕንቁው አሰካክ ይለያሉ፤ የገበያው ዐይን የተጠነቀቀው በከንቱ አልነበረም።

ኢትዮጵያ አዲሱን ገንዘቧን ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ስታወጣ የወረቀት ኖት ብቻ ይዛ አልመጣችም። አብሮ የወጣው ባለ 50 ሳንቲሙ የብር ነበር፤ ከሺህ 800 እጁ። ወረቀት ለማያምን ሕዝብ የሚጨበጥ ነገር ያስፈልግ ነበር። ጠገራው ቀስ በቀስ ከመገበያያነት ወጥቶ ወደ አንጥረኛው ምድጃ ሄደ።