ርስት፥ ሊዝና ዲፕሎማ
በቤትና በቦታ ሀብት ለማፍራት ለሚያስብ የጅጋ ወጣት ኰሌጅ ያስፈልገዋልን?

ከደምበጫ አልፎ ፍኖተ ሰላም ሳይደርስ በጐዳናው ላይ የሚገኘው የጅጋ ከተማ ለመንገደኛ ማረፊያ፥ ለገበሬ ገበያ ነው። በዚህ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ሲሰበሰቡ አንድ ክርክር ደጋግሞ ይነሣል። ይኸውም፥ «ቦታ ይዞ፥ ቤት ሠርቶ፥ አከራይቶ ወይም ሸጦ ለመክበር ለሚፈልግ ሰው አራት ዓመት ኰሌጅ መቀመጥ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ነው። አንደኛው ወገን በከተማው ፎቅ ያሠሩት ሰዎች ፊደል ከቈጠሩ በኋላ በእህል ንግድና በመኪና የከበሩ እንጂ ኰሌጅ የገቡ አይደሉም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ያልተማረ ሰው ያገኘውን ሀብት መጠበቅ አይችልም ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ዛሬ በዐይናቸው የሚያዩትን ብቻ ይዘው ነው። ነገር ግን በምዕራብ ጐጃም መሬትንና ቤትን የሀብት መሠረት ለማድረግ መጣጣር የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ፥ በዛሬው አነጋገር ሪል እስቴት የሚባለውን ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕውቀት በየዘመኑ ምን እንደ ነበረና ከየት ይገኝ እንደ ነበረ ለመመርመር አሰብሁ።

፩. የርስት ዘመን

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በጐጃም የመሬት ሥርዐት መሠረቱ ርስት ነበረ። ርስት ማለት አንድ ሰው ቀድሞ ምድሩን ከያዘው አባት በመወለዱ የሚያገኘው የድርሻ መብት ነው። መብቱ በአባትም በእናትም በኩል ይቈጠራል፤ ሴትም ወንድም ይወርሳሉ። ስለዚህ አንድ ሰው የብዙ አባቶች ልጅ በመሆኑ በብዙ ስፍራ ሊጠይቅ የሚችለው ርስት አለው። ሆኖም መብት መኖሩ ብቻ መሬት አያስገኝም። ማሳውን ከያዘው ዘመድ ላይ ድርሻን ማስለቀቅ የሚቻለው በክርክር፥ በሽምግልና፥ በወዳጅና በሹመት ኀይል ነው።

አላን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባሕል ተመራማሪ ከጅጋ ሩቅ ባልሆነው በደጋ ዳሞት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተቀምጦ ይህን ሥርዐት አጥንቷል፤ መጽሐፉም በ1973 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሆበን ርስት ከውጭ ሲያዩት የማይነቃነቅ ውርስ ቢመስልም፥ በውስጡ የሚተጉ ሰዎች እየወጡ፥ ያልተጉት እየወረዱ የሚኖሩበት እንደ ነበረ ያስረዳል። አንድ ብርቱ ሰው በዕድሜው ብዙ ማሳ ሰብስቦ ቢሞት፥ ሀብቱ በልጆቹ መካከል ስለሚከፋፈል ልጁ እንደ ገና ከመዠመሪያው መነሣት ነበረበት። እንግዲህ የዛሬው ወጣት «ከባዶ ተነሥቼ ባለ ቦታ እሆናለሁ» የሚለው ምኞት ለአያቱም እንግዳ አልነበረም።

ያ ሰው ታዲያ ምን መማር ነበረበት? አንደኛ፥ የትውልድ ሐረግን መቍጠር። ዋናውን አባት፥ ከእርሱ በታች ያሉትን ምንዝር አባቶች፥ የእያንዳንዱንም ልጆች ሳይሳሳት መናገር ያልቻለ ሰው ርስቱን አያገኝም። ሁለተኛ፥ ሙግት። በዳኛ ፊት ቆሞ በላ ልበልሃ ብሎ በምሳሌና በሰምና ወርቅ መናገር የሚችል ሰው ከጐበዝ ገበሬ ይበልጥ መሬት ያገኝ ነበር። እነዋሸራና እነዲማ ጊዮርጊስ ባሉበት አገር የቅኔ ተማሪ ቤት ለዚህ ሙግት አፍ ማፍቻ መሆኑ አልቀረም፤ የቅኔ ተማሪ ቤት የተመሠረተው ግን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንጂ ለርስት ክርክር አልነበረም። ብዙው ሰው የሐረጉን ቍጥር የተማረው ከአባቱ እግር ሥር፥ ሙግቱንም የተማረው በዛፍ ጥላ ሥር ካለው ችሎት ነው።

ወረቀት በዚህ ዘመን ትንሽ ስፍራ ነበረው። ግብሩ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በዋናው አባት ስም ነው። መንግሥት መሬቱን እየለካ በየግለሰቡ ስም ለመመዝገብ ሲያስብ የጐጃም ሰው በብርቱ ይቃወም ነበር። ስለዚህም በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በሌላው አገር በተለካ ጋሻ ሲያስከፍል ጐጃምን፥ ትግሬንና በጌምድርን በቀድሞው ልክ ተዋቸው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜም ደጋ ዳሞት፥ ሞጣና ብቸና ተነሡ፤ ጦርና አውሮፕላንም ተላከባቸው፤ በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ከስፍራው ተነሡ። ሰዉ ቀላዱን የፈራው ገንዘብ ስለሚያስከፍል ብቻ አልነበረም። ዕውቀቱ በአፍ የነበረ ሕዝብ ርስቱ ወደ ጽሕፈት በገባ ቀን ጽሕፈቱን የያዘው ሰው ባለ ርስት እንዳይሆን ሠግቶ ነበር።

፪. የከተማ ቦታና የኪራይ ቤት

በከተማ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1907 እ.ኤ.አ. ስለ አዲስ አበባ መሬት ባወጡት ደንብ የከተማ ቦታ የግል ሀብት ሆኖ በሰነድ እንዲታወቅ፥ እንዲሸጥና እንዲለወጥ መንገድ ተከፈተ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የማይንቀሳቀስ ንብረትን ነገር በሰፊው ደነገገ። ከነጻነት በኋላም በጐዳናው ዳር ያሉት ከተሞች ቀስ በቀስ አደጉ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ከንጉሠ ነገሥቱ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም አገኘች፤ ቡሬም የጥንት ገበያነቷን እንደ ያዘች ቀጠለች።

በዚህ ዘመን የከተማ ባለ ቤት ለመሆን ከሐረግ ቍጥር ይልቅ ገንዘብና ሹመት ይፈለግ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት የጠቀመው በተዘዋዋሪ ነው፤ የተማረው ሰው ሹመትና ደመወዝ ያገኛል፥ በደመወዙም ቦታ ይገዛል፥ ቤት ሠርቶም ያከራያል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኰሌጅ፥ በ1954 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኰሌጅ ተቋቋሙ። የሕንፃ ኰሌጁ ተማሪዎች ቤት እንዴት እንደሚሠራ ይማሩ ነበር፤ የቤት ባለቤት እንዴት እንደሚኮን የሚያስተምር ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ፥ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፥ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። ከሰልፈኞቹ መካከል የባለ መሬት ልጆች ነበሩበት። ስለዚህ ኰሌጅ ለመሬት ከበርቴ ያስፈልጋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ የመሬት ከበርቴነት እንዲቀር የጠየቀው ድምፅ የወጣው ከኰሌጅ መሆኑን ማስታወስ አለበት።

፫. የ1967 ዓ.ም. ለውጥ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ መሸጥን፥ መለወጥንና ማከራየትን ከለከለ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚሰጠውንም መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ለአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ የሚሆን አንድ ቤት ብቻ ቀረ። ኪራዩ አነስተኛ የሆነው ቤት ለቀበሌ፥ ከፍ ያለው ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ የአነስተኞቹ ቤቶች ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ።

በአንድ የክረምት ቀን የሐረግ ቍጥር ዕውቀትም፥ የውል ወረቀትም፥ የዳኛ ወዳጅነትም ዋጋ አጡ። ብዙ የኪራይ ቤት የነበረው ሰው አንድ ቤት ይዞ ቀረ። በኪራዩ ገንዘብ ልጁን አስተምሮ ከነበረ ግን የልጁን ትምህርት የሚወርስ አዋጅ አልወጣም። «የተማረ ሀብቱን በራሱ ይሸከማል» የሚሉት ሽማግሎች ይህን ሳያዩ አልቀሩም። እውነቱን ለመናገር ግን ይህም ማስረጃ ሙሉ አይደለም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን ዲፕሎማ ራስን ከሞት አላዳነም፤ ብዙ የተማሩ ወጣቶችም አለቁ።

፬. የደብተርና የሊዝ ዘመን

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ተደረገ። በምሥራቅና በምዕራብ ጐጃም «ቢሮክራሲ» የተባሉት የቀድሞ የገበሬ ማኅበር ሹሞች ከሌላው ያነሰ ድርሻ እየተተወላቸው የቀረው ተወሰደባቸው። ከ1995 ዓ.ም. ዠምሮ ደግሞ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ተዠመረ፤ የባልና የሚስት ስምም በአንድነት ተጻፈበት። አያቶቻችን የፈሩት ምዝገባ በልጅ ልጆቻቸው ዘመን ደርሶ ደብተር የመሬት መብት መከታ ሆነ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም ይላል። በዚያው አንቀጽ ግን ሰው በጕልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሚሠራው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት ይሰጠዋል። የዛሬው የቤት ንግድ ሁሉ የቆመው በእነዚህ በሁለቱ ንኡሳን አንቀጾች መካከል ነው። ሊዝ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 80 ተዠመረ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ተሻሻለ። የ2004ቱ አዋጅ ለመኖሪያ ቦታ እስከ 99 ዓመት ፈቀደ፤ ግንባታ ሳይዠምር ወይም ሳያጋምስ ቦታውን የሚያስተላልፍ ሰው የሚያገኘውን ትርፍም ወሰነ። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች በኢትዮጵያ ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሕጉ ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠ አንባቢ ይቍጠር።

ይህን ያለማወቅ ጕዳት በዐይኔ አይቻለሁ። ከአካባቢያችን ከተሞች በአንዲቱ ዳርቻ አንድ የማውቀው ወጣት ከገበሬ ላይ ቦታ በመንደር ውል ገዛ። ሦስት ምስክሮች ፈረሙ፤ ገንዘቡም ተቈጠረ። የቈርቈሮ ቤት ሠርቶ ሁለት ክፍል አከራየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቱ ሕገ ወጥ ተብሎ ፈረሰ። ገበሬው የሸጠው ሕግ እንዳይሸጥ የከለከለውን ነበረና ውሉን ይዞ የሚከራከርበት ዳኛ አልተገኘም። ገበሬውም ገንዘቡን ጨርሶ ማሳውን አጣ። ወጣቱ ኰሌጅ አልገባም፤ ስለዚህ የሁለተኛው ወገን ተከራካሪዎች ይህን ታሪክ እንደ ምስክር ይጠሩታል። ነገር ግን ከገንዘቡ እኩሌታውን ያዋጣው የአጎቱ ልጅ ዲግሪ ያለው ሰው ነበር። ዲግሪው በሌላ ትምህርት ስለ ነበረ ውሉን ሲያነብ ያየው ፊርማውን እንጂ ሕጉን አልነበረም።

፭. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ነገር ቢኖር ሦስት ነው።

አንደኛ፥ በአገራችን በማናቸውም ዘመን ባለ መሬት ወይም ባለ ቤት ለመሆን ኰሌጅ የግድ አስፈልጎ አያውቅም። በዚህ ረገድ የአንደኛው ወገን ክርክር እውነት አለበት። ሆኖም የሚያሳዩን ፎቁ ቆሞ የቀረውን ነጋዴ ብቻ ነው፤ የፈረሰበትና የተወረሰበት ሰው ለምስክርነት ስለማይጠራ ክርክሩ ጐደሎ ነው።

ሁለተኛ፥ ዕውቀት ያላስፈለገበት ዘመን የለም። በአያቶቻችን ዘመን የሐረግ ቍጥርና ሙግት ነበረ፤ ቀጥሎም የውልና የሹመት ነገር መጣ፤ ዛሬ ደብተር፥ ካርታ፥ ፕላንና አዋጅ ነው። ከየዘመኑ ማስረጃ ጋር ያልተዋወቀ ሰው ጐበዝም ቢሆን ተሸንፏል። የዛሬው ማስረጃ ደግሞ የተጻፈ ነውና በአባት እግር ሥር ተቀምጦ ብቻ አይገኝም።

ሦስተኛ፥ ኰሌጅ የሚጠቅመው ትምህርቱ ከሥራው ጋር ሲገናኝ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ትምህርት ይሰጣል፤ ልኬትን፥ ግንባታን፥ ሕግንና የሒሳብ አያያዝን የተማረ ወጣት ቦታ ከመግዛቱ በፊት ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። አራት ዓመት ለመቀመጥ አቅም የሌለው ሰው ደግሞ በሙያ ትምህርት ቤት ልኬትና ግንበኝነት ተምሮ፥ አዋጁን በአማርኛ ገዝቶ ማንበብ ይችላል። የፌዴራሉ መንግሥት አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ስለሚታተም የሚከለክለው የለም።

ስለዚህ ለጥያቄው መልሴ እንዲህ ነው፤ ለመክበር ኰሌጅ ግድ አይደለም፤ የራስን ገንዘብና የገበሬውን ማሳ ላለማጥፋት ግን ትምህርት ግድ ነው። ወጣቱ ቦታ ሲገዛ በአፋፍ ላይ ቆሞ የሚሸጥለት ገበሬ ብዙ ጊዜ የገዛ ዘመዱ ነው። አያቶቻቸው በአንድ ዋና አባት ስም ግብር የከፈሉ ሁለት ሰዎች በማይጸና ውል ሲጠፋፉ ማየት ያሳዝናል። የጅጋ ወጣቶች ክርክራቸውን ሲቀጥሉ «ኰሌጅ እንግባ ወይስ አንግባ?» ከማለታቸው በፊት «ይህ የምንገዛው ነገር በሕግ የሚሸጥ ነውን?» ብለው እንዲዠምሩ በትሕትና አሳስባለሁ።