የኮምፒዩተር ትምህርትና ፊደላችን በዴንቨርና በአውሮራ

ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ስለ ትምህርታችን ታሪክ ጥቂት ማንሳት ተገቢ ነው እንላለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ተሰደው ኮሎራዶ የገቡ ወገኖቻችን የኮሌጅ በር ርቆ አልጠበቃቸውም። ሜትሮፖሊታን ስቴት ኮሌጅ በ1965 ዴንቨር ላይ፣ የአውሮራ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደግሞ በ1983 ተከፍተዋል። በአውሮራው ሁለት ዓመት ተምሮ፣ በ2012 ዩኒቨርሲቲ በተባለው ሜትሮፖሊታን ዲግሪውን መጨረስ ወጪ ያቀልላል።

ይሁን እንጂ የ1980ዎቹ የኮምፒዩተር ተማሪ ገበያ ላይ በሚሸጠው መሣሪያ ስሙን በገዛ ፊደሉ መጻፍ አይችልም ነበር። መሣሪያው የተሠራው ለላቲን 26 ፊደላት ሲሆን የእኛ ከ200 በላይ ናቸው። ችግሩን ለመፍታት ከታገሉት አንዱ የኮሎራዶው ነዋሪ ዶክተር አበራ ሞላ ሲሆኑ ሙያቸው የእንስሳት ሕክምና ነው። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል በዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ አካተተ።

እነሆ ፊደላችን ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ግን ካላነበቡት ድካሙ ለማን ነው? ስለዚህ ልጁን ኮምፒዩተር የሚያስተምር ወላጅ ሁሉ ፊደልም ያስቆጥር እንላለን።