«ከነሚስቱ»

አንድ ሰው ሚስቱን ይዞ ሩቅ አገር ሲሄድ በአማርኛችን «እገሌ ከነሚስቱ ሄደ» እንላለን። አንዲት ቃል ናት። ጉዞው የባል ይሆንና ሚስት እንደ ስንቅና እንደ ጓዝ በ«ከነ» ታስራ ታልፋለች። በበቅሎ ዘመን ከኋላ የተፈናጠጠችው ሴት ዳገቱንም ቁልቁለቱንም፣ ፀሐዩንም ዝናቡንም ከፊተኛው እኩል ቀምሳለች፤ ሲተረክ ግን ስሟ አይነሳም። ይህን ያስታወሰኝ የሞተር ብስክሌት ታሪክ ነው፤ ያውም እዚሁ በተሰደድንበት በአሜሪካ የሆነ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

እዚህ አገር «አይረን በት» የሚባል የሞተረኞች ማኅበር አለ። ስሙን ቃል በቃል መተርጎም ለጋዜጣ አይመችምና «የብረት መቀመጫ» ብለን እንለፈው። መነሻው በ1984 የተጀመረ የረጅም ርቀት ውድድር ሲሆን፣ ለጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ ፈተና «ሳድልሶር» ይባላል። እኛ ገጣባ የምንለው መሆኑ ነው። በእኛ አገር ገጣባ የሚወጣው በተጫነው ላይ ነበር፤ እዚህ በተቀመጠው ላይ ሆነና አረፈው! ፈተናው አጭር ነው፦ አንድ ሺህ ማይል፣ ማለትም 1609 ኪሎ ሜትር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ። ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ ማያሚ ለመግባት ጥቂት እንደ መቅረት ነው።

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ሺሁን ለ24 ቢያካፍሉት በሰዓት 42 ማይል እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ቤንዚን ሲቀዳም፣ ምግብ ሲበላም፣ የዝናብ ልብስ ሲለበስም ሰዓቱ አይቆምም። በሰዓት 65 ማይል ለሚነዳ ሰው መንገዱ ብቻውን ከ15 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የቀረው ሁሉ፣ እንቅልፍም ጭምር፣ ከዚያ በተረፈው ውስጥ ነው የሚሆነው።

ሁለት ሲሆኑ ደግሞ ሂሳቡ ይለወጣል። ክብደት ስለሚጨምር ፍሬን የሚያዘው ቀደም ተብሎ ነው፤ ነዳጁም ቶሎ ያልቃል። ከኋላ የተቀመጠችው ከፊቷ የሚታያት የባሏ ጀርባና የራስ ቁሩ ነው። ጉድጓድ ሲመጣ እሱ አስቀድሞ አይቶ ሰውነቱን ያዘጋጃል፤ እሷ የምታውቀው ከዘለለች በኋላ ነው። በመታጠፊያ ላይ እሱ ወዳዘነበለበት አብራ ማዘንበል አለባት፤ ወዲያኛው ካለች ሞተሩን መስመር ታስተዋለች። ካንቀላፋች ትወድቃለች። መሪ ስላልጨበጠች ብቻ ይህን ዝም ብሎ መቀመጥ የሚለው ሰው ካለ፣ አንድ ሌሊት ሞክሮ ይየው።

የድሮዎቹ የክብረ ወሰን ታሪኮች ግን የብቸኛ ወንድ ታሪኮች ናቸው። ኧርዊን ቤከር በ1914 ኢንዲያን በተባለ ሞተር ብስክሌት ከሳንዲያጎ ኒውዮርክ በ11 ቀን ከ12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገባ፤ «ካነንቦል» የሚለው ቅጽል ስም፣ የመድፍ ጥይት ማለት ነው፣ የተሰጠው በዚሁ ነው። ፍሬድ ሃም በ1937 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሙሮክ በተባለ የደረቀ ሐይቅ ላይ በሃርሊ ዴቪድሰን ሲሽከረከር ውሎ አድሮ በ24 ሰዓት 1825 ማይል ሄደ። የሚደነቅ ነው፤ ክበብ ላይ ስለሆነ ግን የትም አልደረሰም።

ከኋላ ወይም ከጎን ሰው የነበረባቸውን ጉዞዎች ስንፈልግ ሴቶቹ ብቅ ይላሉ። በ1915 ኤፊ ሆችኪስ የተባለች የብሩክሊን ወጣት እናቷን ኤቪስን ሳይድካር በሚሉት የጎን ጋሪ ላይ አስቀምጣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ሳንፍራንሲስኮ ደረሰች፤ ከዚያም ተመለሰች። የዛሬው ሃይዌይ ገና አልነበረም፤ የኢንተርስቴት መንገዶች ሕግ የወጣው በ1956 ነው። ብዙው መንገድ አፈርና ጭቃ ነበር።

የኔ ልብ ግን ያረፈው በሮቢንሰን ባልና ሚስት ላይ ነው። ወይዘሮ ዶት ሮቢንሰን የተወለዱት በ1912 አውስትራሊያ ውስጥ ነው። አባታቸው የጎን ጋሪ ሠሪ ነበሩ፤ እናታቸው ምጥ ሲይዛቸው ወደ ሐኪም ቤት የተወሰዱት በዚያው ጋሪ ነው እየተባለ ይተረካል። ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደና ዶት ሚሺጋን ውስጥ በአባታቸው የሞተር ሱቅ አደጉ፤ ኧርል ሮቢንሰንንም አገቡ። በ1935 ባልና ሚስት የጎን ጋሪ በተገጠመለት ሃርሊ ከሎስ አንጀለስ ተነስተው ኒውዮርክ በ89 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ገቡ። መንገዱን 3000 ማይል ያህል ብንወስደው በየ24 ሰዓቱ 800 ማይል ገደማ መሆኑ ነው፤ ለዚያውም በዚያን ዘመን መንገድ።

ወይዘሮ ዶት ግን «ከነሚስቱ» ተብለው አልቀሩም። በ1940 ጃክ ፓይን በተባለው የሁለት ቀን የጽናት ውድድር በጎን ጋሪ ምድብ አንደኛ ወጡ። በዚያው ዓመት ከሊንዳ ዱጎ ጋር ሆነው «ሞተር ሜይድስ» የተባለውን የሴት ሞተረኞች ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩን ደንብ ልብ በሉልኝ፦ አባል የምትሆነው ሴት የራሷን ወይም የቤተሰቧን ሞተር ራሷ የምትነዳ መሆን ነበረባት። በ1998 የአሜሪካ የሞተር ብስክሌት ማኅበር የዝነኞች መዝገብ ስማቸውን አሰፈረ። በዓመቱ አረፉ።

ወደ «ገጣባው» ፈተና እንመለስ። በዛሬው ደንብ ባልና ሚስት በአንድ ሞተር አንድ ሺሁን ማይል ቢጨርሱ፣ ከኋላ የተቀመጠችውም መንገዱን ሁሉ አብራ መሄዷ ከተመሰከረላት በገዛ ስሟ የምስክር ወረቀት ይሰጣታል። ማስረጃው የቤንዚን ደረሰኝ ነው፤ በየማደያው ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው የታተመበት። አንዱ ከጠፋ የአንድ ቀን ድካም ሜዳ ላይ ሊቀር ይችላል። እሱ ከፊት ቤንዚን ሲቀዳ፣ ደረሰኟን ከማሽኑ አፍ ስባ፣ ሰዓቱ በትክክል መታተሙን በመብራቱ ሥር አይታ፣ የማይሉን ቁጥር ጽፋ፣ ዝናብ እንዳያበሰብሳት በላስቲክ ጠቅልላ ደረት ኪሷ የምትከት ማን ትመስላችኋለች?