የካንዴላ ክፍተት፦ ከጣርማ በር እስከ ጀውሃ ያለው መንገድና የጥገና ሙያ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ፣ ስለ ካንዴላ ነው። በቤንዚን በሚሠራ ሞተር ውስጥ ነዳጅና አየር የሚቀጣጠሉት በካንዴላ ሁለት ጫፎች መካከል በሚዘል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። በጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት እንደ ሞተሩ ዓይነት ከግማሽ ሚሊ ሜትር አንሥቶ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ከፍ እስከሚል ድረስ ይለያያል። የታሪክ ተማሪን ይህ ምን ያገባዋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። የአገራችን የመኪና ታሪክ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የተተረከው በነገሥታት አውቶሞቢሎች፣ በመንገድ ሥራና በጦርነት በኩል ነው። መኪናው ከገባና መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ጉዞው እንዳይቋረጥ የደከሙት ሰዎች ግን በሰነድ ውስጥ እምብዛም አይገኙም። እነርሱን ለማግኘት የሚናገሩትን ቃልና የሚሠሩትን ሥራ እንደ ሰነድ ማንበብ ይኖርብናል የሚለው የዛሬው ሐሳቤ ነው።

ለምሳሌነት የመረጥሁት ከጣርማ በር ወርዶ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በጀውሃ አልፎ ወደ ደሴ የሚዘልቀውን መንገድ ነው። ይፋት ከመኪና በፊትም የመንገድ አገር ነበር። የመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት የገነነው ከዘይላ ወደብ ወደ መሀል አገር በሚገባው የሲራራ ንግድ መተላለፊያ ላይ በመቀመጡ ነው። ግመልና በቅሎ በሚጫኑበት ዘመንም ጭነት የሚያመጣጥን፣ ቁስል የሚያክም፣ የእንስሳውን ድካም ከአረማመዱ የሚለይ ባለሙያ ነበር። የእርሱም ስም በታሪክ መጻሕፍት አልተጻፈም።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ አውቶሞቢል እስከ አዲስ አበባ አምጥቷል። በይፋት ቆላ ግን ሞተር በብዛት የታየበት ወቅት የወረራው ዘመን ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊት 1,700 ያህል ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ዋናው ጓድ በዚህ መስመር አለፈ። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለ ነበር ጥገናው እስኪያልቅ ቆሞ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በቀጣዮቹ ዓመታት ጣልያኖች መንገዱን አሻሽለው የጣርማ በርን ዋሻ አስቦረቦሩ። ይህን ሁሉ የታሪክ መጻሕፍት ይነግሩናል። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ የቀረውን ሙያ ለመከታተል ግን ወደ ቃላት መመለስ አለብን።

የጋራዥ አማርኛ ንብርብር አለው። የመጀመሪያው የፈረንሳይኛ ነው። ሾፌርና ጋራዥ የፈረንሳይኛ ቃላት ሲሆኑ፣ የጅቡቲውን ባቡር ከዘረጋው ኩባንያ ቋንቋ እንደ ወጣው ለገሃር ሁሉ የዚያን ዘመን ተጽዕኖ ያሳያሉ። ሁለተኛው ንብርብር የጣልያንኛ ነው፤ ጎማ፣ ፍሪሲዮንና ካንዴላ ከዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው የእንግሊዝኛ ነው። በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድርና በአሜሪካውያን ባለሙያዎች እገዛ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ የሥልጠናውና የመመሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ፤ ሰርቪስና ስፔር ፓርት የዚህ ዘመን ልሳን ናቸው። በሦስቱ መካከል መሪና ረዳት የተባሉት የአማርኛ ቃላት ቦታቸውን እንደያዙ ቆይተዋል።

ካንዴላ በዚህ አደራደር ውስጥ ልዩ ጥቅም አላት። በፈረንሳይኛ የዚህች ዕቃ ስም «ቡዢ» ነው፤ ትርጉሙም ሻማ ማለት ነው። የጣልያንኛው «ካንዴላ»ም ሻማ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዕቃዋን በአንድ ምስል ሠይመዋታል። ስያሜዋ ሾፌርና ጋራዥ በገቡበት ወቅት ተተክሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቡዢ ልንላት በቻልን ነበር። ስለዚህ ቃሉ ሥር የሰደደው በጣልያን ዘመን፣ ወይም ከዚያ በኋላ በአገሪቱ በቀሩ ጣልያናውያን ጋራዦች፣ ወይም በዚሁ የደሴ መንገድ ከአሥመራ በወረደ ሙያ በኩል ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚያመዝን ቃሉ ብቻውን አይወስንልንም።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛ፣ ፍሬን የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛም ከጣልያንኛም ሊመጣ ስለሚችል እያንዳንዱ ቃል እንደ ካንዴላ ዘመኑን አይናገርም። ሁለተኛ፣ የቃል ምንጭ ዕቃውን ማን እንደሰየመ ያመለክታል እንጂ ሥራውን ማን እንደሠራ አይመሰክርም። ቃሉ የጣልያን ስለሆነ ሙያውም የጣልያን ስጦታ ነው ማለት ከማስረጃው በላይ መናገር ነው። ሥራውን ለማወቅ ክፍተቱን መመርመር ያሻል።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው ብልጭታ ክፍተትን ለመዝለል የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል በክፍተቱ ስፋትና በአየሩ ግፊት ይወሰናል። ክፍተቱ ሲሰፋ ወይም ግፊቱ ሲጨምር የሚፈለገው ኃይል ይጨምራል። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ግፊቱ ወደ 86 በመቶ ይደርሳል። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር በደጋው ስስ አየር ውስጥ ነዳጅ ይበዛበትና ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። ጥላሸቱ ደግሞ ብልጭታ ሊሆን የሚገባውን ኃይል በጎን ያሾልከዋል። ያው መኪና በቆላው ተጭኖ ወደ ደብረ ሲና ዳገት ሲነሣና ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ሲሊንደሩ ይበልጥ የታመቀ አየር ይይዛል፤ ካንዴላውም ከፍተኛ ኃይል ይጠይቃል። በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ያልታወቀ የሰፋ ክፍተት በዳገቱ ግርጌ ሞተሩን ያቆራርጠዋል። ይህን መንገድ የሚያገለግል መካኒክ የፓሸንን ስም ባይሰማም ሕጉን በየዕለቱ ይሠራበታል።

ሥራው እንዲህ ነው። ሞተሩ ይቀዘቅዛል። ካንዴላው ከመፈታቱ በፊት አሸዋ ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወርድ ዙሪያው ይጸዳል። ከወጣ በኋላ ቀለሙ ይነበባል፤ ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ የጤና ምልክት ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የነዳጅ መብዛትን፣ ቅባት ያለው ጥቁረት የሞተር ዘይት መግባትን ይጠቁማል። ቀጥሎ በፋብሪካው የታዘዘው ውፍረት ያለው ስስ ብረት፣ ማለትም ፊለር ጌጅ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ይገባል። ሳይላላና ሳይጨነቅ፣ በጥቂቱ እየያዘ ማለፍ አለበት። ክፍተቱ መስተካከል ካስፈለገው የሚታጠፈው የጎኑ ጫፍ ብቻ ነው። የመካከለኛው ከተገፋ በዙሪያው ያለው ሸክላ ይሰነጠቃል። በብዙ አገሮች ፊለር ጌጅ የሌላቸው መካኒኮች የብረት መጋዝ ምላጭ ይጠቀማሉ፤ ውፍረቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ ለብዙ አሮጌ ሞተሮች የሚስማማ ነው። ለአብነት፣ በደርግ ዘመን በታክሲነት የገነነችው የላዳ ክፍተት ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው።

የታሪክ ባለሙያ ሊያስተውል የሚገባው የሙያውን መተላለፊያ ነው። ቁጥሩ በውጭ ቋንቋ በታተመ የፋብሪካ መጽሐፍ ላይ አለ። «በጥቂቱ እየያዘ» የሚለው ልክ ግን ዋናው መካኒክ ስስ ብረቱን በተማሪው እጅ አስይዞ ካላሳየው በቀር አይታወቅም። ይህ ዕውቀት በቃልና በእጅ ስለሚተላለፍ፣ ተቀባይ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ካንዴላ በዚህ መንገድ ላይ ሁሉን የሚገዛ ዕቃ እንዳልነበረም ልብ እንበል። «ኤን ትሬ» የተባለው ዝነኛ የፊያት የጭነት መኪና በናፍጣ ስለሚሠራ ካንዴላ የለውም። ካንዴላ የትንንሽ መኪኖች፣ የሞተር ብስክሌቶች፣ የባጃጆችና መስኖ የሚስቡ የቤንዚን ፓምፖች ዕቃ ነው። በሽንኩርትና በማሾ በሚታወቀው ቆላ ፓምፑ የቆመበት ገበሬ የሚያጣው የውኃ ተራውን ነው፤ ክፍተትን የማስተካከል ሙያ እስከ ማሳ ይደርሳል ማለት ነው።

አሁን ሁኔታው እየተለወጠ ነው። አዳዲስ ሞተሮች በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ስለሚሠሩ ካንዴላቸው ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም። የዚህ ለውጥ ጥቅምና ጉዳት ለሌላ መድረክ የሚሆን ነው። የእኛ ጥያቄ፣ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሙያ ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ ሊያልፍ ነው ወይ የሚለው ነው።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ይህን መስመር እንድትመለከቱት አሳስባለሁ። ከደብረ ሲና እስከ ጀውሃና ከዚያም ወዲያ ያሉ አንጋፋ መካኒኮችን ከማን እንደ ተማሩ፣ ስንት ዓመት ያለ ደመወዝ እንዳገለገሉ፣ መሣሪያ ሲጠፋ በምን እንደ ተኩ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ምን ብለው እንደሚጠሩ ጠይቋቸው። ቃሉን እንደሚናገሩት ጻፉት፤ ወደ መጽሐፍ አማርኛ አታርሙት። ከተቻለም ስስ ብረቱን ተቀብላችሁ ክፍተቱን በእጃችሁ ለኩ። ካንዴላ የሚለውን ቃል ታሪክ ከመዝገበ ቃላት በከፊል እናገኘዋለን፤ የቀረውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው።