ሻንጣችሁ ውስጥ ያለው ታሪክ፦ የኤርፖርት ፍተሻ ሕጎች ከየት መጡ?

ሰልፍ ላይ ናችሁ እንበል። ከፊታችሁ ያሉት ሰውዬ ቀበቶ እየፈቱ ነው፣ ከኋላችሁ ያለችው ልጅ የያዘችውን ውሃ በአንድ ትንፋሽ እየጨለጠች ነው፣ ፈታሹ ደግሞ «ላፕቶፕ ያላችሁ አውጡ» ይላል። ውሃ ምን ያደርጋል? ላፕቶፕ ከመጽሐፍ በምን ይለያል? ፓወር ባንክስ ለምንድን ነው በእጅ ካልተያዘ የማይሄደው?

ብዙ ሰው እነዚህን ሕጎች እንደ ቢሮክራሲ ነው የሚያያቸው። ግን እያንዳንዱ ሕግ የልደት ቀን አለው። አንዳንዱን ያመጣው አደጋ ነው፣ ሌላውን ደግሞ የማሽኑ ፊዚክስ። ታሪኩን ካወቃችሁ፣ ሻንጣ ስትሸክፉ የቱ ዕቃ የት እንደሚገባ ማንም ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚጮኸው በር

የብረት ጠቋሚው በር ቅድመ አያት የተሠራው ለኤርፖርት አልነበረም። ጁላይ 2 ቀን 1881 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ ሰውነታቸው ውስጥ ቀረ፤ ሐኪሞቹም የት እንዳለ ሊያገኙት አልቻሉም። በስልክ ፈጠራው የምናውቀው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በጥቅልል ሽቦ የሚሠራ ብረት መፈለጊያ ይዞ መጣ። ፕሬዝዳንቱ አልጋ አጠገብ ሲደርስ ግን የመሣሪያው ድምፅ ተምታታበት። አንዱ ምክንያት ፍራሹ ውስጥ የነበረው የብረት ስፕሪንግ ነው። ጋርፊልድ ሴፕቴምበር 19 ቀን ሞቱ።

የዛሬው በርም የሚሠራው በዚያው መርህ ነው። በጥቅልል ሽቦ ውስጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። እዚያ መስክ ውስጥ ብረት ከገባ ብረቱም ላይ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰቶች ይነሳሉ፤ እነሱም በተራቸው የራሳቸውን መስክ ይሠራሉ። በሩ የሚያዳምጠው ይህን መልስ ነው። መልሱ የመጣው ከጩቤ ይሁን ከቀበቶ ዘለበት ግን በሩ በስም ለይቶ አያውቅም። ቤልን ያሳሳተው ስፕሪንግ የእናንተ ኪስ ውስጥ ያለው ሳንቲምና ቁልፍ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሰልፉ ላይ እያላችሁ ሰዓቱን፣ ቁልፉንና ሳንቲሙን ጃኬት ኪስ ውስጥ ክተቱና ዚፑን ዝጉት፤ ጃኬቱ ራሱ ትሪው ላይ ይሄዳል። ትሪ ላይ በየቦታው የተበተነ ሳንቲም መልቀም ደግሞ አያሻችሁም።

ይህ በር ኤርፖርት የገባው በጠለፋ ምክንያት ነው። ከ1968 እስከ 1972 ባለው ጊዜ ከ130 በላይ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ተጠልፈዋል። በዚያን ጊዜ ተሳፋሪው ማንም ሳይነካው እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ ድረስ መሄድ ይችል ነበር። ኖቬምበር 1972 ላይ ሦስት ጠላፊዎች አንድ አውሮፕላን ይዘው፣ የጠየቁት ገንዘብ ካልተሰጣቸው ቴኔሲ ውስጥ ባለው የኦክ ሪጅ የኑክሌር ማዕከል ላይ እንደሚያጋጩት ዛቱ። ከዚያ በኋላ መንግሥት አልታገሠም። ከጃንዋሪ 5 ቀን 1973 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም ተሳፋሪና የእጅ ሻንጣው እንዲፈተሽ ግዴታ ሆነ።

እኛም ጋ ያው ዘመን አሻራውን ጥሏል። ዲሴምበር 8 ቀን 1972 ከአዲስ አበባ በተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ የተማሪዎች ንቅናቄ ወጣቶች ጠለፋ ሞከሩ። አየር ላይ ከጠባቂዎች ጋር ተኩስ ተከፈተ፣ የእጅ ቦምብም ፈነዳ። ዋለልኝ መኮንንንና ማርታ መብራህቱን ጨምሮ አብዛኞቹ ጠላፊዎች ሞቱ፤ አውሮፕላኑ ግን ተመልሶ አዲስ አበባ በሰላም አረፈ። ልብ በሉ፦ መሣሪያ አንዴ አውሮፕላን ውስጥ ከገባ በኋላ የሚቀረው ምርጫ ይህን ያህል አስፈሪ ነው። ፍተሻው ወደ ምድር የወረደው ለዚህ ነው።

በርበሬ በራጅ ሲታይ

ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ዉርዝበርግ በሚገኘው ቤተ ሙከራው ውስጥ ምንነቱን የማያውቀው ጨረር አገኘ። ስለማያውቀው «ኤክስ» አለው። እኛ ሐኪም ቤት «ራጅ» የምንለው ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የሚስቱን እጅ ከነቀለበቷ አነሳው። አጥንቱ ጥላ ሆኖ ታየ፣ ቀለበቱ ደግሞ ከአጥንቱም በላይ ጠቆረ። የሻንጣ ፍተሻ ሐሳብ በሙሉ በዚያች ፎቶ ውስጥ አለ፦ ሥጋ ጨረሩን ያሳልፋል፣ ብረት ይይዘዋል።

የዛሬዎቹ ማሽኖች አንድ እርምጃ ሄደዋል። ሻንጣውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ጉልበት ባላቸው ሁለት ዓይነት ጨረሮች ያዩታል። ከባድ አተም ያለው ነገር ዝቅተኛውን ጨረር አብዝቶ ይውጠዋል፤ ቀላል አተም ያለው ግን በሁለቱ መካከል ያን ያህል ልዩነት አያሳይም። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን አወዳድሮ ቀለም ይቀባል። ብረትና መዳብ ሰማያዊ፣ እንደ አሉሚኒየም ያሉት መካከለኞች አረንጓዴ፣ ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠሩት ደግሞ ብርቱካናማ ይሆናሉ። ምግብ፣ ወረቀት፣ ልብስና ፕላስቲክ ብርቱካናማ ናቸው። ችግሩ አብዛኛው ፈንጂም ብርቱካናማ መሆኑ ነው።

አሁን ሦስት ኪሎ በርበሬ በአንድ ፌስታል ጠቅጥቃችሁ በእጅ ሻንጣ ያዛችሁ እንበል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው በርበሬ አይደለም፤ ጥቅጥቅ ያለ ብርቱካናማ ጡብ ነው። ከጎኑ ቻርጀር፣ የተጠላለፈ ሽቦና ባትሪ ካለ ደግሞ ፈታሹ ሻንጣውን የመክፈት ግዴታ አለበት። ሰውዬው እናታችሁን አልተጠራጠረም፤ ያየው ምስል ነው ያስገደደው። በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ ለጭነት በሚሰጠው ትልቁ ሻንጣ ይሂዱ፤ በየአንድ ኪሎው ተከፍለው፣ ጠፍጠፍ ብለው፣ ስማቸው ተጽፎባቸው። ወደ አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች ላይ ከ2018 ጀምሮ በእጅ የተያዘ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት ተጨማሪ ፍተሻ ሊጠብቀው ይችላል።

ላፕቶፕስ? ባትሪው፣ ሰሌዳውና ስክሪኑ ተደራርበው ከሥሩ ያለውን ይጋርዳሉ። ለብቻው ሲወጣ እሱም ይታያል፣ ሻንጣውም ይታያል። ሻንጣው ሥር ከቀበራችሁት ሰልፍ ላይ ልብሳችሁን ማራገፋችሁ ነው። ከላይ አድርጉት።

«እቺን አድርሱልኝ»

ይህኛው ታሪክ ለእኛ ሰው በተለይ የሚሆን ይመስለኛል። ኤፕሪል 17 ቀን 1986 ለንደን ሂትሮው ኤርፖርት ላይ አንዲት እርጉዝ ሴት ወደ ቴል አቪቭ ለመብረር ቀረበች። ሻንጣውን የሰጣት እጮኛዋ ነዛር ሂንዳዊ ነበር። የኤል አል ፈታሾች ሻንጣውን ባዶ ሲያደርጉት እንኳ ክብደቱ አልቀነሰም። ከሥሩ በተሠራ ድብቅ ወለል ውስጥ ሴምቴክስ የተባለ ፈንጂ ተገኘ። እሷ ምንም አታውቅም ነበር፤ በረራው ላይ ከ370 በላይ ሰዎች ይሳፈሩ ነበር። «ሻንጣውን ራስሽ ነሽ ያሸግሽው? ሰው የሰጠሽ ዕቃ አለ?» የሚለው ጥያቄ የቀልድ አይደለም።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቆይቶ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 1988፣ ሎከርቢ ከተባለች የስኮትላንድ ከተማ በላይ የፓን አም በረራ 103 ፈነዳ። አውሮፕላኑ ላይ የነበሩት 259 ሰዎችና ምድር ላይ 11 ሰዎች ሞቱ። ፈንጂው የተደበቀው ቴፕ ሪከርደር ውስጥ ነበር። ቴፑ ያለበትን ሻንጣ በሚመለከት መርማሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ፣ ባለቤቱ አብሮ ያልተሳፈረ ነው የሚል ነው። ዛሬ ሻንጣ አስረክባችሁ ራሳችሁ ከቀራችሁ ሻንጣው ተፈልጎ የሚወርደው፣ በረራውም ለዚህ ሲባል የሚዘገየው ከዚያ በተገኘ ትምህርት ነው።

እኛ አገር ለሚሄድ ሰው ዕቃ መላክ ወግ ነው። «ለእህቴ ትንሽ ነገር ናት» ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል። አትቀበሉ አልልም። ግን ላኪው ፊት ይከፈት፣ አንድ በአንድ ይታይ፣ በእጃችሁ ይታሸግ። የተሰፋ ነገር ካለና «አይፈታም» ካላችሁ ይቅርባችሁ። ሻንጣው ላይ ያለው ስም የእናንተ ነው፤ ተጠያቂም እናንተ ናችሁ።

ከሆስፒታል ወደ ኤርፖርት

ከሎከርቢ በኋላ ጥያቄው የመሐንዲስ ጥያቄ ሆነ፦ ቴፕ ውስጥ ያለ ፈንጂን ከፕላስቲክ እንዴት እንለየው? ተራው ራጅ ጥላ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የተደራረበው ሁሉ አንድ ላይ ይወድቃል። መልሱ ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ጆሃንስበርግ የተወለደው የፊዚክስ ሊቅ አለን ኮርማክ ኬፕ ታውን ሳለ፣ አንድን ነገር ዙሪያውን በጨረር ለክቶ የውስጡን ምስል በሒሳብ ማውጣት እንደሚቻል ማሰላሰል ጀመረ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ደግሞ ማሽኑን ሠራው፤ የመጀመሪያው ታካሚ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ተመረመረ። ሲቲ ስካን የምንለው ነው። ሁለቱ በ1979 ኖቤል ተካፈሉ።

በ1994 ለሻንጣ የተሠራ ሲቲ ማሽን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ማሽኑ እየዞረ ሻንጣውን እንደ ዳቦ ይቆራርጠዋል፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ እፍጋትም ያሰላል። ለዚህ ነው አዲሶቹ ማሽኖች ባሉባቸው ኤርፖርቶች «ላፕቶፑ ይቆይ፣ አታውጡት» የምትባሉት።

መቶ ሚሊ ሊትር

ዲሴምበር 1994 ላይ ራምዚ ዩሴፍ የተባለ ሰው የዓይን ሌንስ ማጠቢያ በሚያዝበት ጠርሙስ ፈሳሽ ፈንጂ ይዞ የፊሊፒንስ አውሮፕላን ተሳፈረ። ፈንጂውን ትቶ ወረደ፤ በቀጣዩ ጉዞ ፈነዳና አንድ መንገደኛ ገደለ። ኦገስት 2006 ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ፖሊስ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈንጂ ይዘው አትላንቲክን በሚያቋርጡ አውሮፕላኖች ሊሳፈሩ ያቀዱ ሰዎችን ያዘ። ውሃም ብርቱካናማ፣ የዚያ ፈንጂ ፈሳሽም ብርቱካናማ፤ ማሽኑ መለየት አልቻለም። መለየት ካልተቻለ መጠኑን መቀነስ ነው። ከኖቬምበር 2006 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ የእጅ ፈሳሽ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ ሁሉም አንድ ሊትር በምትይዝ ግልጽ ከረጢት እንዲገባ ተወሰነ። ሕጉ የሚያየው የዕቃውን መጠን ነው፦ ግማሹ ያለቀ የ200 ሚሊ ሊትር ቅባትም አያልፍም። ሲቲው እየተስፋፋ ሲሄድ ሕጉም እየላላ ነው፤ ከ2025 ጀምሮ ኤዲንብራና በርሚንግሃም እስከ ሁለት ሊትር ፈቅደዋል። የመመለሻችሁ ኤርፖርት ግን ያው አሮጌው ሊሆን ይችላል።

ማርና ቅቤ ለፈታሽ ፈሳሽ ናቸው። ጃንዋሪ 2010 ላይ ካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ ውስጥ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙሶች የተሞላ ማር በፈንጂ መመርመሪያ ሲታይ «ፈንጂ ነው» የሚል ምልክት ሰጠና ኤርፖርቱ ተዘጋ። ማር ሆኖ ተገኘ። በሃይላንድ የተሞላ ማር ለምታስጭኑ ሁሉ፦ የታሸገና ስሙ ያለበት ዕቃ ይሻላል፣ ቦታውም ትልቁ ሻንጣ ነው።

ባትሪው ከእናንተ ጋር

እዚህ ላይ አቅጣጫው ይገለበጣል። ፈሳሽ ወደ ጭነት ክፍል ይወርዳል፣ ፓወር ባንክ ግን ከእናንተ ጋር ይወጣል። የሊቲየም ባትሪ ውስጥ ውስጡን ከተነካካ ራሱን በራሱ እያጋለ ይሄዳል። ጁላይ 12 ቀን 2013 ሂትሮው ላይ ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር በእሳት ተጎዳ፤ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። መርማሪዎች ምክንያቱን የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ውስጥ አገኙት፤ ሽቦዎቹ ክዳን ሥር ተጨፍልቀው ነበር። መንገደኞች መካከል የሚጨስ ባትሪ ወዲያው ይታያል፣ ይጠፋል። ጭነት ክፍል ውስጥ ግን ማን ያየዋል?

የተለመደው ገደብ 100 ዋት ሰዓት ነው። አስሉት፦ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ፣ 20 ሲባዛ በ3.7 ቮልት፣ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ያልፋል። 30,000ው 111 ነው፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ጽሑፉ የጠፋበትን አትያዙ፤ ፈታሹ የሚያሰላበት ቁጥር የለውም። ትርፍ ባትሪ ደግሞ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አይቀላቀል።

ማሽን የማያየው

ይህ ሁሉ ሆኖ ፍተሻ ወሰን አለው። ኖቬምበር 23 ቀን 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይደርስ ቢያስረዳቸውም አላመኑትም። ነዳጁ አለቀ፤ አውሮፕላኑ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ጠላፊዎቹ የያዙት መጥረቢያና እሳት ማጥፊያ ከዚያው ከአውሮፕላኑ የተወሰደ ነበር፤ «ቦምብ ነው» ያሉት ደግሞ የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። የትኛውም ራጅ ይህን አያስቆምም ነበር። ማሽን ዕቃ እንጂ ሐሳብ አያይም። ከ2001 በኋላ የአብራሪዎች ክፍል በር የተጠናከረው ፍተሻ ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

እናም ማታ ሻንጣ ስትሸክፉ ሦስት ጥያቄ ይበቃችኋል። ይህ ዕቃ በማሽኑ ላይ ምን መስሎ ይታያል? እሳት ቢነሳበት የት ቢሆን ይሻላል? ውስጡ ምን እንዳለ በእርግጠኝነት አውቃለሁ? ሦስቱንም መመለስ የምትችሉበት ሻንጣ ያለ ብዙ ጣጣ ያልፋል። ቢከፈትም አትደንግጡ፤ ፈታሹ የሚጠይቃችሁን እናንተ ቀድማችሁ ጠይቃችኋል።