ባዶ ቦታን የመገንባት ጥበብ፤ የብረትና ኦርጋኒክ ማዕቀፎች አጭር ታሪክ

የኬሚስትሪ ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር ጎልቶ የሚነገረው ስለ ቁስ አካል ነው። አዲስ የተገኘ ንጥረ ነገር፣ አዲስ የተቀመመ መድኃኒት፣ አዲስ የወጣ ቀለም በየዘመኑ ከነስሙና ከነዓመቱ ተመዝግቦ ይገኛል። በሞለኪውልና በሞለኪውል መካከል ስላለው ባዶ ቦታ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እምብዛም የተጻፈ አልነበረም። ይሁን እንጂ ኦክቶበር 8 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ የዓመቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሪቻርድ ሮብሰን፣ ለሱሱሙ ኪታጋዋና ለኦማር ያጊ በጋራ ሲሰጥ፣ የሸለመው በመሠረቱ ባዶ ቦታን አቅዶ የመገንባትን ጥበብ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስቱ ሊቃውንት ያበለጸጓቸው ውሁዶች የብረትና ኦርጋኒክ ማዕቀፎች ይባላሉ። በእነዚህ ውሁዶች ውስጥ የብረታ ብረት አዮኖች እንደ ቋጠሮ፣ ካርቦን አዘል የሆኑ ረዘም ያሉ ሞለኪውሎች ደግሞ እንደ ማገር ሆነው ይያያዛሉ። በማገሮቹ መካከል ጋዝና ፈሳሽ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰፊ ክፍል ይቀራል። ሐሳቡ ዛሬ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ጥንስስ አንሥቶ በባለሙያዎች ዘንድ እምነት እስኪያገኝ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ለምን ይህን ያህል ጊዜ እንደ ወሰደ መመርመር ለሙያው ባልደረቦች ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

የቀደሙት ምልክቶች

ቀዳዳ ያለው ጠጣር ነገር ለሳይንስ አዲስ አልነበረም። በ1756 ስዊድናዊው የማዕድን ሊቅ አክሰል ክሮንስቴት አንድ ማዕድን በእሳት ሲያሞቁ ድንጋዩ የሚፈላ መስሎ እንፋሎት ሲያወጣ አስተዋሉ። ስሙንም ከግሪክ ቃላት ወስደው «ዜኦላይት»፣ ማለትም የሚፈላ ድንጋይ አሉት። እንፋሎቱ በማዕድኑ ረቂቅ ቀዳዳዎች ውስጥ ተሸሽጎ የነበረ ውኃ ነው። የዜኦላይት አጥንት ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊኮንና ከኦክሲጅን የተሠራ በመሆኑ ጽኑ ነው፤ ውኃው ቢወጣም ቅርጹ አይፈርስም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ዜኦላይትን በፋብሪካ መሥራት ሲቻል፣ ነዳጅ ለማጣራትና ጋዞችን ለመለየት ዋነኛ መሣሪያ ሆነ። ጉድለቱ ግን የቀዳዳውን ስፋትና ጠባይ እንደ ልብ ለመለወጥ አለመቻሉ ነበር።

ሁለተኛው ምልክት የመጣው ከብረታ ብረት ኬሚስትሪ ነው። አልፍሬድ ቬርነር በ1893 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ የብረት አዮን በዙሪያው ያሉትን ሞለኪውሎች በተወሰነ ቁጥርና በተወሰነ አቅጣጫ እንደሚይዝ አስረዱ። በ1897 ደግሞ ካርል ሆፍማንና ባልደረባቸው የኒኬል ሳያናይድን ከአሞኒያና ከቤንዚን ሞለኪውል ጋር አዋሕደው እንግዳ የሆነ ክሪስታል አገኙ። ቤንዚኑ በክሪስታሉ ውስጥ እንዴት እንደ ተያዘ የታወቀው ግን ከአምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1949፣ በኤክስ ሬይ ምርመራ ነው። ኒኬልና ሳያናይድ እንደ መረብ ተዘርግተው፣ ቤንዚኑ በመረቦቹ መካከል እንደ እስረኛ ተቀምጦ ተገኘ። ስለዚህ ቋጠሮውም፣ ማገሩም፣ ባዶው ክፍልም ቀድሞውኑ ነበሩ ማለት ይቻላል። የጎደለው አስቀድሞ ነድፎ የሚገነባ ሰው ነበር።

ከእንጨት ኳሶች የተነሣ ሐሳብ

ይህ ሰው የተገኘው በማስተማሪያ ክፍል ውስጥ ነው። በ1974 በአውስትራሊያ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ሪቻርድ ሮብሰን፣ ተማሪዎች የሞለኪውልን ቅርጽ እንዲረዱ የእንጨት ኳሶችን እንደ አቶም፣ ዘንጎችን እንደ ትስስር አድርገው ሞዴል ለመሥራት ፈለጉ። ዘንጎቹ እንዲገቡባቸው ኳሶቹ በዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ መበሳት ነበረባቸው። ቀዳዳዎቹ ግን በዘፈቀደ ሊበሱ አይችሉም፤ ካርቦን፣ ናይትሮጅን ወይም ክሎሪን እንደየጠባዩ የራሱ የትስስር አቅጣጫ አለውና ሮብሰን ትክክለኛውን ቦታ ምልክት ማድረግ ነበረባቸው። ኳሶቹ ተበስተው ሲመለሱና ሞዴሉ ሲገጣጠም አንድ ነገር አስተዋሉ። የሞዴሉ ጠቅላላ ቅርጽ አስቀድሞ በቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ውስጥ ተወስኗል። እንዲህ ከሆነ፣ እውነተኛ አዮኖችንና ሞለኪውሎችን እንደ ኳስና እንደ ዘንግ ተጠቅሞ የተፈለገውን ሕንፃ ማነጽ አይቻልም ይሆን?

ሐሳቡ በየዓመቱ ሞዴሎቹ ለትምህርት በወጡ ቁጥር ይመለስባቸው ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ሙከራ የተሸጋገሩት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ለንድፋቸው አርአያ የሆነው አልማዝ ነበር። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ይያያዛል። ሮብሰን በካርቦኑ ቦታ አራት ትስስር የሚወድደውን የመዳብ አዮን አኖሩ፤ ከእርሱ ጋር የሚገጥም አራት ክንድ ያለው ኦርጋኒክ ሞለኪውልም መረጡ። በጊዜው ብዙ ኬሚስቶች እንዲህ ያለው ድብልቅ የተዘበራረቀ ዝቃጭ እንጂ ሌላ አይሰጥም ብለው ይገምቱ ነበር። ውጤቱ ግን እንደ ታቀደው የተደረደረ ክሪስታል ሆነ። ከአልማዝ የሚለየው ውስጡ በሰፋፊ ክፍሎች የተሞላ መሆኑ ነው። በ1989 ከበርናርድ ሆስኪንስ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን አስታወቁ፤ እንዲህ ያሉት ማዕቀፎች ወደፊት አዲስ ዓይነት ቁሶችን ሊያስገኙ እንደሚችሉም ተነበዩ።

ትንቢቱ ግን አንድ ከባድ ዕንቅፋት ነበረበት። በክፍሎቹ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ሲወጣ አብዛኞቹ ማዕቀፎች ይፈራርሱ ነበር። ሕንፃው የሚቆመው እንግዳው በውስጡ እስካለ ድረስ ብቻ ከሆነ፣ ባዶ ቦታው ለምን ይጠቅማል? የኋለኞቹ ዓመታት ክርክር ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነበር።

የማይጠቅም የተባለው ጥቅም

በጃፓን ሱሱሙ ኪታጋዋ ለዚህ ጥያቄ የቀረቡት ከሌላ አቅጣጫ ነው። ገና ተማሪ ሳሉ የፊዚክስ ሊቁ ሂደኪ ዩካዋ የጻፉትን መጽሐፍ ሲያነቡ፣ ጥንታዊው የቻይና ፈላስፋ ጁዋንግዚ ያነሣው አሳብ አገኙ። ፍሬ ነገሩ፣ ዛሬ የማይረባ የሚመስለው ነገር ነገ ሊጠቅም ስለሚችል ጠቃሚ ተብሎ የሚታመነውን እንደገና መመርመር ይገባል የሚል ነበር። በ1992 የሠሩት የመጀመሪያ ማዕቀፍ በእርግጥም ጥቅም አልታየበትም፤ የመዳብ አዮኖች የያዙት ባለ ሁለት አቅጣጫ መረብ ሆኖ በክፍሎቹ ውስጥ የአሴቶን ሞለኪውሎች ነበሩበት። የምርምር ገንዘብ የሚመድቡ አካላትም ዜኦላይት እያለ ሌላ ስንጥቅጥቅ ቁስ ለምን ያስፈልጋል እያሉ ጥያቄያቸውን መለሱባቸው።

ኪታጋዋ አልተመለሱም። በ1997 የኮባልት፣ የኒኬልና የዚንክ አዮኖችን ቢፒሪዲን ከሚባል ሞለኪውል ጋር አያይዘው ግራና ቀኝ የሚያሳልፍ መተላለፊያ ያለው ባለ ሦስት አቅጣጫ ማዕቀፍ ሠሩ። ውኃውን አውጥተው ካደረቁት በኋላ ሚቴን፣ ናይትሮጅንና ኦክሲጅን እየገቡበት ሲወጡ ቅርጹ አልተለወጠም። ባዶው ቤት ያለ እንግዳ መቆም ቻለ። በ1998 ደግሞ ከዜኦላይት የሚለዩበትን ዋና ነጥብ ገለጹ፤ የማዕቀፎቹ ማገሮች ተለዋዋጭ በመሆናቸው ጋዝ ሲገባ የሚለጠጡ፣ ሲወጣ የሚኮማተሩ ለስላሳ ቁሶች መሥራት እንደሚቻል አስረዱ። ድንጋይ የማይሠራው ሥራ በዚህ ተገኘ።

ነድፎ መሥራት

ሦስተኛው ሊቅ ኦማር ያጊ በ1965 በአማን ከተማ ከፍልስጥኤማውያን ስደተኞች ተወለዱ። ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት መብራትም የቧንቧ ውኃም አልነበረውም። የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ በትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያገኙት የሞለኪውል ሥዕል ልባቸውን ሳበው። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1992 በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምሩ ያስቸገራቸው፣ ኬሚስቶች አዳዲስ ቁሶችን የሚያገኙት አሟሟቂውን ሰጥተው ውጤቱን በመጠበቅ መሆኑ ነበር። እርሳቸው ግን ቁስ እንደ ሕንፃ አስቀድሞ መነደፍ አለበት ብለው ተነሡ። በ1995 ባወጡት ጽሑፍ «የብረትና ኦርጋኒክ ማዕቀፍ» የሚለውን ስያሜ አስተዋወቁ።

ወሳኙ ዓመት 1999 ነው። በዚያ ዓመት ያጊና ባልደረቦቻቸው «ሞፍ-5» የተባለውን ማዕቀፍ አቀረቡ። ቋጠሮው አራት የዚንክ አዮኖች በኦክሲጅን ዙሪያ የተሰባሰቡበት ሲሆን፣ ማገሩ ለፖሊስተር ጨርቅ መሥሪያ የሚሆነው የቴሬፍታሊክ አሲድ ነው። ነጠላ አዮን በአዮን ስብስብ መተካቱ ቋጠሮውን አጸናው። ማዕቀፉ ባዶውን ሆኖ እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ አልፈረሰም። የአንድ ግራሙ ውስጣዊ ገጽ ሲለካ 2,900 ካሬ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ጥቂት ግራም የእግር ኳስ ሜዳ የሚያክል ገጽ ይዟል ማለት ነው። በ2002 ደግሞ ማገሩን ብቻ እየለዋወጡ አሥራ ስድስት ተመሳሳይ ማዕቀፎች ሠሩ። የክፍሉን ስፋት በፈቃድ መወሰን እንደሚቻል በዚህ ተረጋገጠ፤ ዜኦላይት የነፈገው ነገር ተገኘ።

የውኃ ፈተና

ሆኖም ታሪኩ በድል ብቻ የተሞላ አይደለም። ሞፍ-5 ሙቀትን ቢችልም የአየር እርጥበት ይጎዳዋል። በዚንክና በኦክሲጅን መካከል ያለውን ትስስር ውኃ ይፈታዋልና። ከቤተ ሙከራ ውጭ እርጥበት የሌለበት አየር ስለማይገኝ፣ ይህ ድክመት የማዕቀፎቹን ዕጣ ፈንታ የሚወስን ነበር። መፍትሔ ከቀረበባቸው ሥራዎች አንዱ በ2008 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የዚርኮኒየም ማዕቀፍ ነው። ዚርኮኒየም ኦክሲጅንን አጥብቆ ስለሚይዝ ማዕቀፉ ውኃን ተቋቋመ።

ከዚያ በኋላ ጠላት የነበረው ውኃ የምርምሩ ግብ ሆነ። ከ2017 ጀምሮ በወጡ ሥራዎች፣ የያጊ ቡድንና ተባባሪዎቹ ከደረቅ አየር ውስጥ ውኃ የሚለቅም ማዕቀፍ አሳዩ። ሌሊት ቀዝቀዝ ሲል እርጥበቱን ይይዛል፤ ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው ይለቀዋል። ሙከራው በአሪዞና በረሃ ተካሂዷል። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የተገኘውና በ2021 በሰፊው የተገለጸው «ካልፍ-20» ደግሞ ከፋብሪካ ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይለያል፤ በሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስም ተፈትኗል። እስካሁን የተሠሩት ማዕቀፎች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ በኢንዱስትሪ ደረጃ ሥራ ላይ የዋሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። በብዛትና በርካሽ የማምረቱ ጉዳይ ገና ብዙ ድካም ይጠይቃል።

አዲሱ ቁስ አሮጌውን እንዳላስቀረውም ማስታወስ ይገባል። የኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ይዞ ይገኛል፤ ጥርስንና አጥንትን ይጎዳል። በ2013 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስፔን ተመራማሪዎች በጋራ ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ምድር የተገኘ ዜኦላይት ፍሎራይድን እንዲያስወግድ ለማድረግ ሞክረዋል። የዜኦላይት አጥንት ኔጌቲቭ ሙል ስላለው ፍሎራይድን በራሱ አይስብም። ስለዚህ ገጹን የአጥንት ማዕድን በሆነው ሃይድሮክሲአፓታይት ረቂቅ ክሪስታሎች ሸፈኑት። ክሮንስቴት በ1756 ያሞቁት የድንጋይ ዘመድ በዚህ መንገድ ለአገር ችግር ተፈተነ። የቁስ ኬሚስትሪ ዋጋ የሚለካው በቁሱ አዲስነት ሳይሆን፣ መዋቅሩ ለተፈለገው ሥራ በመግጠሙ እንደ ሆነ ይህ ምሳሌ ያስረዳል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛው፣ የሃምሳ ዓመቱ ጉዞ የተጀመረው በውድ መሣሪያ ሳይሆን ለተማሪዎች በተዘጋጀ የእንጨት ሞዴል መሆኑ ነው። ማስተማርና መመርመር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ለሚሉ ሁሉ የሮብሰን ኳሶች በቂ መልስ ይሰጣሉ። ሁለተኛው፣ ጥቅሙ ወዲያው ያልታየ ምርምር ገንዘብ ተነፍጎትና ተጠራጣሪ በዝቶበት ሳለ፣ ጥያቄውን ሳይለቁ የቆዩ ሰዎች ፍሬ እንዳፈሩበት ነው። በ1992 ለምን ይጠቅማል ተብሎ የተመለሰው ምርምር፣ ዛሬ የመጠጥ ውኃና የአየር ብክለት ጥያቄዎች ከሚመረመሩባቸው መንገዶች አንዱ ሆኗል። የምርምር ሐሳቦችን መዝነው የሚያጸድቁ ባለሙያዎች ይህን ማሰብ ይኖርባቸዋል።