ውሻን ለማረጋጋት ስለሚሰጡ ዕፀዋት የታሪክ ምስክርነት

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሥር ምሶ ቅጠል በጥሶ ራሱንም እንስሳቱንም ሲያክም እንደ ኖረ የታወቀ ነው። ከዕፅ የተገኘ መድኀኒት የተፈጥሮ ስጦታ ስለ ሆነ ጉዳት የለበትም የሚለው አሳብም ከዚሁ ልማድ የተወለደ ይመስለናል። ዛሬ በብዙ አገር ነጐድጓድ ወይም ርችት ሲሰማ የሚንቀጠቀጠውን ውሻ ለማረጋጋት ከልዩ ልዩ ዕፀዋት የተቀመመ መድኀኒት ይሸጣል። ውሻው ልቡን፥ ጉበቱን ወይም ኩላሊቱን የታመመ ሲሆን ግን ይህ እምነት ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ ታሪክን ልንጠይቅ ይገባል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በኤውሮፓ ለማረጋጊያ ከሚሰጡት ዕፀዋት እጅግ የታወቀው ቫለሪያን ነው። የናፖሊው ሊቅ ፋቢዮ ኮሎና የሚጥል በሽታ ያሠቃየው ስለ ነበር፥ ይህን ሥር ከጥንታዊው የግሪክ ሐኪም ከዲዮስቆሪዶስ መጽሐፍ አግኝቶ ወሰደው፤ በ1592 ባሳተመው መጽሐፍም ስለ ዕፁ ጻፈ። በ1857 እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ሎኮክ የፖታሲየም ብሮማይድን ጥቅም ገለጠ፤ በ1912 ደግሞ ፌኖባርቢታል ተከተለ። ሁለቱም የሚጥል በሽታ ላለባቸው ውሾች እስከ ዛሬ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ብሮማይድ የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለ ሆነ፥ ኩላሊቱ በደከመ ውሻ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ፌኖባርቢታልም በጉበት ላይ ሸክም ነው። በዚህ ላይ ባለቤቱ ለሐኪሙ ሳይነግር ቫለሪያን ቢጨምርበት፥ የማደንዘዝ ኀይላቸው ተደራርቦ ውሻው ሊፈዝና ሊንገዳገድ ይችላል።

የሕንድ ባህላዊ ሐኪሞች ደግሞ ራውዎልፊያ የተባለውን ሥር ለአእምሮ ሁከት ሲሰጡ ኖረዋል። በ1931 ጋናናት ሴንና ካርቲክ ቻንድራ ቦስ ሥሩ ለእብደትና ለደም ግፊት እንደሚጠቅም ጻፉ፤ በ1952ም በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የሲባ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሬሰርፒን የተባለውን ንጥረ ነገር ከዚሁ ሥር ለይተው አወጡ። ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም አእምሮን የሚያረጋጋውና የደም ግፊትን የሚያወርደው አንዱ ንጥረ ነገር መሆኑ ነው። ስለዚህ ልቡ ለደከመ ፍጡር ዕረፍቱ ብቻውን አይመጣለትም።

በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚጠጣው ካቫም ጉበትን ይጐዳል በመባሉ ጀርመን በ2002 ከለከለችው፤ ክልከላውን በ2014 ፍርድ ቤት ቢሽረውም ክርክሩ አላበቃም። ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የሰጠው ግን የቅዱስ ዮሐንስ ዕፅ የሚባለው ነው። በ2000 የዙሪክ ሐኪሞች እንደ ገለጡት፥ ልብ የተተካላቸው ሁለት ሕሙማን ይህን ዕፅ በመውሰዳቸው በደማቸው ውስጥ የነበረው ሳይክሎስፖሪን አንሶ ሰውነታቸው አዲሱን ልብ መቃወም ጀመረ። ሳይክሎስፖሪን ለውሾች የቆዳ በሽታም ይሰጣል። በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች በውሾች ላይ ፈትነው፥ ይኸው ዕፅ መድኀኒቱን በደም ውስጥ እንደሚያሳንስ አስታወቁ።

እንግዲህ ታሪክ የሚመሰክረው ዕፅ ሁሉ መርዝ ነው ብሎ አይደለም። የሚያረጋጋ ዕፅ ኀይል ያለው መድኀኒት ነው፤ ኀይል ያለው ነገርም በጤነኛው አካል ውስጥ የሚሠራውና በታመመው ውስጥ የሚሠራው አንድ አይደለም። በአገራችንም ኮሶ የሚቀምሙ አዋቂዎች መጠኑ ካለፈ እንደሚገድል ያውቁ ነበር።

ሰው ኮሶ ጠጥቶ ቢታመም ሕመሙን ይናገራል፤ ውሻ ግን አንደበት የለውም። የሚቅበጠበጠውም በፍርሀት ብቻ ሳይሆን በሕመም ጭምር ሊሆን ስለሚችል፥ ዕፁ ምልክቱን ሸፍኖ በሽታውን ሊያስረሳ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ የዕፁን ስምና መጠን፥ ውሻው የሚወስደውንም ሌላ መድኀኒት ሁሉ አስቀድሞ ለእንስሳት ሐኪም ይንገር፤ ጉበቱና ኩላሊቱም በደም ምርመራ ይታይለት። በታማኝነት ደጃችንን ለሚጠብቀው ፍጡር ይህን ያህል ጥንቃቄ ማድረግ የሚገባ ዕዳችን ነው እንላለን።